በደርበው ፈንታ

ካርቱም፣ መስከረም 19 ቀን 1914 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለእትዬ አስካለማርያም፤ መቱ።

እንደ ምን ከርመዋል? እርስዎን፣ ጋሼ ዳምጤን፣ ልጆቹንም ሁሉ የኪዳነ ምሕረት ጥላ ይጋርዳችሁ። እኔ በፈጣሪ ቸርነት በሕይወት አለሁ።

ደብዳቤው ከካርቱም መሆኑን ሲያዩ ይደነግጣሉ። እኔም ከቤት ስወጣ እዚህ ድረስ እመጣለሁ ብዬ አልነበረም። ከሸዋንግዛው ጋር ሶር ወንዝ መሻገሪያው ላይ የተጣላነው የማን በቅሎ ይቅደም በሚል እንደሆነ ያውቃሉ። እሱ ጅራፍ አነሣ፣ እኔ ዱላ አነሣሁ። ከዚያ በኋላ ዳኛው «የተመታው ሰው ወደ ሞት ወይ ወደ ሕይወት እስኪለይለት ዋስ ጥራ» ሲለኝ ዘመድ ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ፣ ጋሼ ዳምጤ ብቻ ከተቀመጡበት ተነሥተው «ዋሱ እኔ ነኝ፤ በተጠራ ቀን ባላቀርበው እኔ በእሱ ፈንታ» አሉ። የሚስታቸው ወንድም ስለሆንሁ እንጂ ሌላ ምን ውለታ ነበረኝ? እኔም የነጋዴውን ቡና ጋምቤላ አድርሼ ልመለስ ነበር። እውነቴን ነው።

ወደቡ ላይ ጆንያ ስናራግፍ ከቡሬ የወረደ ሰው «የኖፓው ልጅ ሞተ፤ ትናንት አፈር ለበሰ» ሲል ሰማሁ። ሸዋንግዛው መሆኑ ገባኝ። መርከቡ ሊነሣ ይጮሃል፤ አንድ ግሪክ ተሸካሚ ጎድሎበት ይጣራል። ጆንያውን ይዤ ገባሁ፤ አልወጣሁም።

ነገሩ እስኪበርድ እዚሁ እቆያለሁ። ጋሼ ዳምጤን ጥቂት ቀን ይጨቀጭቋቸው ይሆናል እንጂ፣ የተከበሩ ሰው ናቸውና ክፉ አያገኛቸውም። ይቅርታ ይበሉልኝ። ይህ የዘንድሮ የመጨረሻው መርከብ ነው አሉ። ባሮ ከጎደለ እስከሚመጣው ክረምት መልእክት የለም።

ታናሽዎ ደርበው


መቱ፣ ግንቦት 3 ቀን 1914 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደርበው።

የአባታችን አምላክ በሄድህበት ሁሉ ይከተልህ።

ደብዳቤህ በጥቅምት ደረሰኝ። መልሱ እስከ ዛሬ የቆየው መርከብ ስለሌለ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ልጆቹ ደኅና ናቸው። ላሟ ወልዳለች። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ።

ጋሼህ ዳምጤ ጎሬ ነው። ሰላም ይልሃል።

የሸዋንግዛው እናት እትዬ እታፈራሁ እዚያው ኖፓ ከል ለብሰው እንዳሉ ናቸው። ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ነገሩ ሊበርድ አይችልም፣ ደርበው። በመጀመሪያው መርከብ ና።

እኅትህ አስካለማርያም


ካርቱም፣ ሐምሌ 8 ቀን 1914 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስካለማርያም።

ክረምቱ እንዴት ያዛችሁ? የሰማይና የምድር ጌታ ጤና ይስጥልኝ።

ጽሕፈትዎን ሳይ የአባታችን እጅ መሰለኝ። ሁለታችንን ከዋርካው ሥር አስቀምጠው ፊደል ሲያስቆጥሩን እኔ ወፍ ሳይ፣ እርስዎ ሴት ልጅ ሆነው ቀድመውኝ ዳዊት ደገሙ። ጊዜው ሩቅ ነው።

እዚህ ሙቀቱ ነው እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ኮስታ የሚባለው ግሪክ ከአገራችን ነጋዴዎች ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም ስለምነጋገርለት ከተሸካሚነት አውጥቶ መጋዘን ጠባቂ አደረገኝ። እሑድ እሑድ ከቅብጦች ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቋንቋቸው ባይገባኝም ከኋላ ቆሜ እወጣለሁ። ሲመሽ ወንዙ ዳር እቀመጣለሁ። የሶር ውሃ ከባሮ ጋር ሆኖ በዚህ በኩል ያልፋል ይሉኛል፤ እኔ ግን ይህን ድፍርስ ውሃ አይቼ የአገሬ ነው ማለት አልሆንልኝ አለ።

ላሟ ወይፈን ነው ጊደር የወለደችው? የቤቱ ክዳን ታደሰ? የጎረቤቱ ውሻ ዛሬም መንገደኛ ያስቸግራል? ሁሉንም ይጻፉልኝ።

ለእርስዎ ጥቁር ሐር በቡሬ ነጋዴ እጅ ሰድጃለሁ። የመምጣቱን ነገር፣ ዘንድሮ ሥራው ያዘኝ። እግዚአብሔር ካለ ለከርሞ።

ታናሽዎ ደርበው


መቱ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1915 ዓ.ም.

ይድረስ ለደርበው።

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሐሩ ደርሶኛል።

ስለ ላሟ ጠየቅህ። ስለ ክዳኑ ጠየቅህ። የጎረቤት ውሻ እንኳ አልቀረህም። ስለ ዳምጤ ግን አንድ ቃል የለህም። «ጎሬ ነው» ብዬ ስጽፍልህ «ጎሬ ምን ይሠራል?» አላልህም። ስለዚህ ታውቀዋለህ። ብታውቀውም ከእኔ አፍ ስማው።

ዳምጤ በአንተ ፈንታ ታስሯል።

ሸዋንግዛው ከተቀበረ በኋላ ዳኛው ጎሬ ላይ አስጠራን። ዳምጤ «ሰውየውን አምጣ» ተባለ። «ቡና ሊያደርስ ወርዷል፤ ይመጣል» አለ። ቀጠሮ ተሰጠው። በቀጠሮው ቀን አንተ ካርቱም ነበርህ። ሽማግሎች እትዬ እታፈራሁ እግር ላይ ወድቀው የደም ዋጋ ይቀበሉ ዘንድ ለመኗቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አሸርጠው ተነሡና «በልጄ ደም ከብት አልገዛም። ወይ ገዳዩን፣ ወይ ዋሱን» አሉ። እኔ ዳምጤን ልብሱን ይዤ «መሬት እንስጥ፣ ሁሉን እንስጥ፣ አንድ ነገር በል» እለዋለሁ። እሱ ቀስ ብሎ እጄን ከልብሱ ላይ አነሣ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አስካለ» አለና ብረቱን ለያዘው ዘበኛ ራሱ እግሩን ዘረጋለት።

ያን ቀን የነገረኝ ሌላው ነገር «ለደርበው እንዳትጽፊለት» የሚል ነው። «ስለ ምን?» ብዬ ብጠይቀው «የፈራን ሰው ደግሞ አያስፈራሩትም። ይመጣል፤ እኔ አውቀዋለሁ» አለኝ። ደብዳቤዎቼን የቀደድሁት ለዚህ ነው። ዛሬ ግን ትእዛዙን አፈረስሁ።

የእስረኛ ስንቅ ከዘመዱ ነው። እኔ ጭቃውን እየዳከርሁ ጎሬ እወጣለሁ፤ ያደረሁበት ቤት ሁሉ ያውቀኛል። በቅሎዋን ሸጥሁ። መሬቱን እኩል አራሽ ይዞታል። ሰዉ «መከራ ሰውን ያጠራዋል» ይላል። እኔን ያጠራኝ ነገር የለም፤ አከረረኝ እንጂ። ልጆቹን እቆጣለሁ። «አቡነ ዘበሰማያት» ስደግም የበደሉንን ይቅር ስለማለት ካለው ላይ ስደርስ አንተ ፊቴ ትመጣለህ፤ ዘልዬው አልፋለሁ። እንዲህ የምጸልየውን ጸሎት እግዚአብሔር ይሰማዋል ብዬ አላምንም።

ሐሩን አልለበስሁትም፤ ሣጥን ውስጥ ነው።

ና።

አስካለማርያም


ካርቱም፣ ነሐሴ 25 ቀን 1916 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስካለማርያም።

በምን አፌ ሰላም እንደምል አላውቅም። የሚሰጥ እሱ ስለሆነ ሰላሙን እሱ ይስጥዎ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወባ ላይ ነበርሁ። ይህ ሰበብ አይሆንም፤ ወባው ለቀቀኝና ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ መርከብ ሲወጣና ሲወርድ አይቻለሁ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደቡ ድረስ ሄጄ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ገባ፤ እኔ ጥቅሌን ታቅፌ ቆምሁ። «አትገባም?» አለኝ መርከበኛው። «ሰው እጠብቃለሁ» አልሁት። የምጠብቀው ሰው አልነበረም።

እውነቱን እነግርዎታለሁ። እኔ ከመጣሁ ጋሼ ዳምጤ ይፈታሉ፤ እኔ ደግሞ ለሟች ወገን ተላልፌ እሰጣለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የምትታየኝ ያቺ ገመድ ናት። አንዳንድ ጠዋት ቆርጬ እነሣለሁ። ፀሐይ ሲበረታ «ጋሼ ዳምጤን አይገድሏቸውም፤ እኔን ግን ይገድሉኛል» እላለሁ፤ ይህችን ነገር አስቤ ምሳ እበላለሁ። ሰው እንዲህ ሆኖ ይኖራል ብዬ አላውቅም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። ኮስታ ሥራ ጨምሮልኛል፤ ደኅና ቤት አለኝ፣ ደኅና እበላለሁ። እርስዎ መጸለይ አቃተኝ ብለው ጽፈዋል። እርስዎ ዘለው የሚያልፉት አንድ ቦታ ነው። እኔ ገና ስጀምር ነው የሚያቅተኝ።

እትዬ እታፈራሁ አሁንም የደም ዋጋ አይቀበሉም? ያለኝን ሁሉ እሰዳለሁ። እባክዎ ይጠይቁልኝ።

ደርበው


መቱ፣ ግንቦት 11 ቀን 1917 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደርበው።

የአባታችን በረከት ይደርብህ። ይህን ከልቤ ነው የጻፍሁት። ያለፈውን ጊዜ ሰላምታ የጻፍሁት ወረቀት ባዶ እንዳይጀመር ብዬ ነበር።

የጠየቅኸኝን አልጠይቅልህም። ና ብዬም አልለምንህም። ተናድጄ አይደለም፤ በዚህ ዓመት የሆነውን ልንገርህና ይገባሃል።

ዳምጤን ታውቀዋለህ። ቁጡ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ድረስ ይሄድና ከካህናቱ ጋር በመሬት ነገር ተጨቃጭቆ ይመለስ ነበር። ጾሙን የሚጾመው እኔን ፈርቶ ነው። ወህኒ ቤት ሲገባ እኔ ያሰብሁት ሰው ገድሎ ወይ ራሱ ሞቶ ይወጣል ብዬ ነው። የመጀመሪያው ዓመት እንደፈራሁት ነበር፤ ያመጣሁትን ምግብ አንዳንዴ ሳይነካው ይመልሰዋል፣ ፊቱን ወደ ግንቡ ያዞራል።

አንድ ቀን ግን ስንቅ ይዤ ስደርስ ከጎኑ የታሰረ ጠያቂ የሌለው ሽማግሌ ነበር፤ እግሩ በብረቱ ተልጦ ሸትቷል፣ ሰው አይጠጋውም። ዳምጤ ነጠላውን ቀዶ ቁስሉን እያጠበ አገኘሁት። እንጀራውንም ለሁለት ገመሰው። እኔ ተናደድሁ። «ይህን በጭቃ ተሸክሜ ያመጣሁት ለአንተ ነው» አልሁት።

«ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ እንግዳ አለብኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር አንድ መዝሙር ከዳዊት እንዳስጠናው ይጠይቀኝ ጀመር። ዳምጤ፣ ፊደል ያልቆጠረው! በሩ ላይ ተቀምጬ በቃሌ እለዋለሁ፣ እሱ ይቀበለኛል፣ ጠዋት ጠዋት ለእስረኛው ያሰማል። ዘበኛው ሳይቀር ቆቡን አውልቆ ይቆማል። አንዴ ምን አለኝ መሰለህ፦ «ቤቴ ሳለሁ እግዚአብሔርን እንደ ጎረቤት ነበር የማውቀው፤ በበዓል በበዓል። እዚህ ካንቺ በቀር የሚጠይቀኝ ሳጣ ጊዜ እሱ ሲመላለስ አየሁት።» ይህን ሲለኝ እግሩ እያበጠ ነበር። የሽማግሌው ቁስል የእሱም ሆኗል።

ኅዳር ላይ ስንቁን ሰጥቼው ልነሣ ስል «የእታፈራሁ በቆሎ ተሰብስቧል?» አለኝ።

«እኔ በምን አውቄ?» አልሁት።

«የሚሰበስብላት ልጇ ነበር። ዝንጀሮ ይብላው እንዴ? ሂጂ።»

«አንተን ያሳሰረች ሴት ማሳ ውስጥ እኔ ልግባ?»

«አሳሰረችኝ እንጂ ልጄን አልገደለችብኝም» አለ።

መንገዱን ሙሉ አለቀስሁ፤ ከንዴት ነው። ኖፓ ስደርስ እትዬ እታፈራሁ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ያ ትልቅ ሰውነታቸው አልቋል።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉኝ።

«በቆሎውን ልሰብር።»

«ማን ላከሽ?»

«ዳምጤ።»

«የታሰረው?»

«እሱ።»

ፊታቸውን አዞሩ። «ግቢ አላልሁሽም፤ ውጪም አላልሁሽም» አሉ። ማሳው ውስጥ ገባሁ። ማታ ከአንዲት ጎረቤታቸው ዘንድ አደርሁ። ሲነጋም ሄድሁ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። እኔ ከአንድ ጫፍ ስሰብር ከወዲያኛው ጫፍ ቀጭ ቀጭ የሚል ሰማሁ። ቀና ብል እሳቸው ናቸው። ቃል ሳንለዋወጥ እየተጠጋን መጣንና መካከል ላይ ተገናኘን።

«ታኢ» አሉኝ በኦሮምኛ። «ተቀመጪ፤ ወገብሽ ይረፍ።»

ተቀመጥሁ። የተጠበሰ በቆሎ ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ።

«እግሩ ቆስሏል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኔ ነኝ ያቆሰልሁት» አሉ።

አይደለም ልል ፈለግሁ፤ ውሸት ይሆንብኛል። አዎን ብልም ጭካኔ ነው። በቆሎውን በላሁ። ከዚያ ስለ ሸዋንግዛው ያጫውቱኝ ጀመር፤ ሕፃን ሳለ ኦሮምኛ ቀድሞ እንደተናገረ፣ አማርኛውን ከእሳቸው እንዳልተማረ። ልጃቸው ሰው እንደነበረ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እስከዚያ ድረስ ለእኔ ሸዋንግዛው ማለት ክስ ነበር።

ደርበው፣ ያን ቀን ማታ ጸሎቱን ሳልዘል ጨረስሁት። በዚህ አልመጻደቅም፤ እስካሁንም አንዳንድ ቀን እዘለዋለሁ። ነገር ግን የሰባበረኝ ይህ መከራ ቤቴ ተደላድዬ ብኖር የማላገኘውን ነገር ሰጠኝ። ያዘንሁት ምን ላይ እንደሆነ ልንገርህ? ወደ ኖፓ ለመሄድ ይህን ያህል ዓመት መፍጀቴ ላይ። መንገዱ የግማሽ ቀን ነበር።

ዳምጤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ ብሎኛል፦ «ሞት ፈርቶ በቀረ ሰው አልፈርድም። እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። ፍርሃቱን ግን ብቻውን ይዞ አይቀመጥ።»

እኅትህ አስካለማርያም


ካርቱም፣ ሐምሌ 6 ቀን 1917 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስካለማርያም።

ያጸናዎት አምላክ ይመስገን።

እመጣለሁ። ኮስታ ተቆጣ፣ ለመነ፣ በመጨረሻም መጋዘኑን የሚረከበኝ ሰው ከተገኘ እለቅሃለሁ አለ። የሚቀጥለው መርከብ ላይ ነኝ። ይህ ደብዳቤ ይቀድመኛል።

የጋሼ ዳምጤን ቃል ካነበብሁ በኋላ በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ስድብ ቢሆን ኖሮ እዚሁ እቀር ነበር፤ ስድብን ለምጄዋለሁ፣ ራሴን በየቀኑ እሰድባለሁ። ከታሰሩበት ሆነው ለእኔ ማዘናቸው ነው ያስነሣኝ። ገመዷ ዛሬም ትታየኛለች፤ አልጠፋችም። እያየኋት እመጣለሁ።

ለጋሼ ዳምጤ ይንገሩልኝ። ያን ብረት ከእግራቸው አውልቀው ለእኔ ሲያጠልቁት ማየት እፈልጋለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ።

ታናሽዎ ደርበው


መቱ፣ መስከረም 4 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለደርበው፤ ጋምቤላ። ከመርከቡ ሲወርድ በነጋዴው እጅ ይሰጠው።

ወንድሜ፣ እንኳን ለአገርህ አፈር አበቃህ። ቁጭ በልና አንብበው።

ሰኔ ላይ ዝናቡ እያወረደ እትዬ እታፈራሁ በተውሶ በቅሎ ጎሬ ወጡ። ለማንም አልነገሩም፤ እኔ ያገኘኋቸው ችሎቱ ደጅ ላይ ነው። ተጠርተው ሲገቡ «ዋሱን ለቅቄያለሁ፤ ፍቱት» አሉ። ዳኛው ደንግጦ «የደም ዋጋ ተቀብለሽ ነው?» አላቸው። «አልተቀበልሁም። ይህ ሰው እስር ቤት ሆኖ በቆሎዬን አሰብስቦልኛል። ከዚህ በላይ ባስረው እኔም ታስሬ እቀራለሁ» አሉ።

«ገዳዩንስ ምረሻል?» አላቸው።

«የሌለን ሰው ምን እለዋለሁ? ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።»

ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ዳምጤን በቃሬዛ አመጣነው። ብረቱ ሲወልቅ እግሩ ጠቁሮ ነበር። ወጌሻውም መድኃኒት አዋቂውም ዐይተው አንገታቸውን ደፉ። ፍልሰታን አልጋ ላይ ሆኖ ጾመ፤ የንስሐ አባታችን «ጾም ለቁስለኛ አይታዘዝም» ቢሉትም «ዘንድሮ ደስ ብሎኝ ነው የምጾመው፤ አትከልክሉኝ» አላቸው። እትዬ እታፈራሁ መጥተው ከራስጌው ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ እኔን ወደ ውጪ አስወጡኝ።

ነሐሴ 12 ቀን አረፈ። ከማረፉ በፊት ዓይኑን ገልጦ «ደርበው መጣ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ምን ልበለው? «መንገድ ላይ ነው» አልሁት። የሚሞተውን ባሌን የዋሸሁት መሰለኝና ልቤ ቆሰለ። እሱ ግን ፈገግ አለ፤ «እኔ አውቀዋለሁ ብዬሽ አልነበረም?» አለኝ። ደብዳቤህ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። የጻፍህበትን ቀን ሳይ አልዋሸሁትም ነበር። ወረቀቱን ይዤ መቃብሩ ላይ ሄጄ አነበብሁለት፤ ነገር ግን ለሚሰማ ጆሮ ማንበብ ሌላ ነው።

አንድ መርከብ ቀድመህ ብትሳፈር፣ እኔም አንድ ዓመት ቀድሜ ኖፓ ብሄድ፣ እያልሁ አድራለሁ። ከዚያ ዳምጤ እንዲህ ያለውን ንግግር እንደማይወድ ትዝ ይለኛል፤ ተነሥቼ ልጆቹን አበላለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ሕጉ ያለው በእትዬ እታፈራሁ እጅ ነው። ወደ ካርቱም ብትመለስ የሚከለክልህ የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ በአንተ ፈንታ የታሰረ ሰው የለም። ከመጣህ ግን ወደ እኔ አትምጣ። መጀመሪያ ወደ ኖፓ ሂድ።

እኅትህ አስካለማርያም


ኖፓ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አስካለማርያም።

እግዚአብሔር ያጥናዎ። ከጋምቤላ ጀምሮ ይህችን አንዲት ቃል ሳሰላስል መጣሁ፤ ስጽፋት ግን ምንም አልከበደችም፤ በአካል ቆሞ ማለት ነው የሚከብደው።

ደብዳቤዎን ወደቡ ላይ ነጋዴው ሲሰጠኝ መርከቡ ገና አልተመለሰም ነበር። ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብሁት። ጋሼ ዳምጤ ሞተዋል። የምፈታው እስረኛ የለም። ለእሳቸው ስል ነበር የመጣሁት፤ አሁን ለማን ብዬ ልውጣ? መርከቡ ጮኸ። ሲሄድ አየሁት። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፣ እትዬ። ከእንግዲህ የምሸሸው ማንን እንደሆነ ስላጣሁት ነው።

እንደ ሥርዓቱ ድንጋይ ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ ልገባ አስቤ ነበር። ከእትዬ እታፈራሁ አጥር ሥር ጎንበስ ብዬ ድንጋይ ስመርጥ ከበስተኋላዬ «ምን ጠፍቶህ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አላወቁኝም። መንገደኛ መስያቸው ውሃ በጣሳ አመጡልኝ። ተቀብዬ ሁለት ጉንጭ ጠጣሁ።

«የማን ልጅ ነህ? ከየት ትመጣለህ?» አሉኝ።

«ከካርቱም። ደርበው ነኝ።»

ተንበረከክሁ። እሳቸው ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጩኸት ጠበቅሁ፣ ሰው ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ» አሉ። «ልጄን ሲያመጡልኝ አፉ ተይዞ ነበር። እስኪሞት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲወድቅ ከአጠገቡ የነበርኸው አንተ ብቻ ነህ። ምን አለ?»

ይህን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ዳኛውም አልጠየቀኝም። እኔም ለራሴ እንዳይታወሰኝ ስሸሸው ነው የኖርሁት።

«"በቅሎዬን ያዝልኝ፣ ውሃው እንዳይወስዳት" አለኝ» አልኋቸው።

«ያዝህለት?»

«ያዝሁለት።»

«የእኔ ሞኝ» አሉ። ለእሱ ነው ለእኔ አላወቅሁም። በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ፤ እኔም መሬቱን ይዤ አለቀስሁ። ይህችን ቃል ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ይዤባቸው የሄድሁት እኔ ነኝ። ልጃቸውን ብቻ አይደለም የወሰድሁባቸው።

ሲበቃቸው ነጠላውን ከፊታቸው አነሡና ጣሳውን አዩ።

«ውሃህን ጨርስ» አሉኝ።

ጨረስሁ። ማርሁህ አላሉኝም፣ አልማርሁህም አላሉኝም። ጎተራው ያዘመመበትን አሳዩኝና ስደግፈው ዋልሁ። ማታ ከሳቸው ማዕድ በላሁ። የጋሼ ዳምጤ የሰማንያ ቀን ተዝካር ተቃርቧልና መቱ ለመሄድ እህል አዘጋጅተዋል፤ «የሚሸከምልኝ አጥቼ ነበር፤ አንተ ትሸከማለህ» ብለውኛል።

ከነገ በስቲያ እንነሣለን። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ እህሉን ይዤ ከኋላ። ጋሼ ዳምጤን በቁማቸው ላገኝ የሚገባኝ ሰው መቃብራቸው ላይ እደርሳለሁ። እዚያ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ደጃፍዎ ላይ ስቆም የሚያስገቡኝ ከሆነ እገባለሁ፤ የማያስገቡኝም ከሆነ እህሉን አውርጄ ከውጪ እቆማለሁ።

ታናሽዎ ደርበው